ቀይ ስር የጠጣ ድስት

ሐምሌ ሲጋመስ ነው፣ ጦሳ ጉም ሲለብስ፣
ከጣራው ቆርቆሮ ቁልቁል ውሃ ሲፈስ፤
ሰኞ ገበያ ነኝ፣ ከስፌት መኪናዬ፣
የተማሪ ሸሚዝ ተቆልሎ በላዬ።

ቤት የቀረችቱ ያች ጦይባ ልጄ፣
"ሰፌድ ልስፋ" አለች፣ "ይፍታታልኝ እጄ።"
እትዬ ዘርትሁን ስንደዶ ሰጠቻት፣
አክርማ ጨምራ ወስፌ አዋሰቻት፤
"እምብርቱን አጥብቂ፣ ሌላው ይከተላል፤
መሀሉ ከላላ ዳሩ መች ይሞላል?"

ቀለም ግን ከየት ይምጣ? ያ ዱቄት በማንኪያ
ከቅቤ ይወደዳል በሐምሌ ገበያ።
ሦስት ቀይ ስር ነበር ለእሁድ ሰላጣ፤
ላጠችው፣ ከተፈችው፣ መላ ልታመጣ።

በምን ትቀቅለው? ብረት ድስቱን አንዋር
ጭቃ አቡክቶበታል፣ በሬ አሰልፏል ከዳር።
የቀረው የኔ ነው፤ የሸክላው፣ የሽሮ፣
ከዘይት ከበርበሬ ሰባት ዓመት ኖሮ
ጠባይ ያበጀ ድስት፣
ወርዶም ከጉልቻው የማይረሳ እሳት።

ጣደችው።
ውሃው ደም መሰለ፣ ሣሩ ቀላ፣ ደማ፤
ጽጌረዳ ወጣ ከጓዳ ጨለማ።
ደስ ብሏት አጠበች፣ ደጋግማ፣ በአመድ፤
ሸክላ ግን ሸክላ ነው፣ የጠጣውን አይክድ።

ማታ ገባሁ፣ ርሼ።
"ረቡዕ ነው፣ እትዬ ዘርትሁን ጾም ናት፤
ቅቤ የሌለው ሽሮ ለሁላችን እራት።"
ሽንኩርት አቁላላሁ፣ ሽሮውን ነሰነስሁ፣
መብራት ጠፍቷልና በኩራዝ አማሰልሁ።
በኩራዝ ብርሃን ማን ቀለም ይለያል?
እንጀራው ላይ ሲወርድ መብራት ብልጭ ይላል!

ጽጌረዳ ሽሮ።
ጉርሻው በይመር እጅ አየር ላይ እንደቀረ፣
አንዋር ቀደመና፦ "እማ፣ ሽሮው አፈረ!"
ጦይባ አቀረቀረች፤ እስከ ጆሮዋ ቀላች፤
ያኔ ነው የገባኝ ምን እንደሠራች።

ልቆጣ ነበረ፤ አፌ ተከፍቷል አሁን፤
አጥቅሳ ጎረሰች እትዬ ዘርትሁን፤
አላመጠች፣ ቆየች፣ ዓይኗን ጨፈን ከፈት፤
"ይጣፍጣል" አለች፣ "ጾም አይገደፍበት።"

ሳቅ መጣ። ሳቅ ደግሞ እንደ ሐምሌ ጎርፍ ነው፣
ከማን ደጅ እንደተነሣ ማንም አያውቀው።
ድስቱን ግን ሳምንቱን ያጠበችው እሷ ናት፤
ያን ያህልም ደግ አይደለሁ፣ ብሆንም እናት።

ከዚያ ወዲያ ማታ፣ ዝናቡ ሲከብድ፣ ስንሰበሰብ፣
ይመር የዱካውን ጠፍር ይጠግናል፣
የራሰውን ቆዳ በጥርሱ ያጠብቃል፤
ብረት ምጣዱ ላይ ባቄላ ይዘላል።
አንዋር አንድ ለራሱ፣ ሁለት ለጭቃው በሬ፣
ይቆጥራል፤ የበሬው ድርሻ ያልቃል በአፉ፣ ፍሬ በፍሬ።
ጦይባ ወስፌ ይዛ ዙር ትጨምራለች፤
ጣቷን ስትወጋ "ዋ!" እንኳን አትልም፣ ትመጠዋለች።

ሰፌዱስ? አትሉም።
እምብርቱ ጠበቀ፣ ከመጠን አለፈ፤
ዙር በተጨመረ ዳሩ እየታጠፈ፣
ለጥ ማለት እንቢኝ ብሎ፣ ወደ ላይ ሸሽቶ፣
ሰፌድ ሁን ሲሉት ቆብ ሆኖ ወጣ ተሰፍቶ።
ይመር ራሱ ላይ ደፍቶ፣ እየተጎማለለ፣
"ግብር አምጡ!" ቢል፣
አንዋር አንድ የጭቃ በሬ ከነቀንዱ ከፈለ።

ዛሬ ስፌት ቤት ነው፣ ከመኪናዬ ጎን፤
ተገልብጦ ይዟል የሸሚዝ ቁልፎቼን።
ቀይ ስር ፀሐይ አይችልም፤ ወይቦ ገርጥቶ፣
ገለባ መስሏል፣ ያ ሁሉ ድምቀት ጠፍቶ።

ድስቱ ግን፣
ያ ነገር የማይረሳ ሸክላ፣
አሁንም፣ ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ
ውሃ ከበዛበት፣ ከዳሩ፣ በስሱ፣
ትንሽ ያፍርና ይመለሳል ራሱ።
ጦይባ ፈጠን ብላ ታማስለዋለች፣
እኔ ያላየሁ መስሏት።